ካላንቾን የሚገድሉና አበባ የሚያስቀሩ ስህተቶች

ሳሎን የምናሳድገው የካላንቾ አበባ አገሩ ማዳጋስካር ነው። ለኛ ግን ባዕድ አይደለም፤ በየዱሩ የሚበቅለው እንዳሁላ የቅርብ ዘመዱ ነው። እንዳሁላን ውሃ የሚያጠጣ ሰው አይቼ አላውቅም። ካላንቾን ግን ሳሎን ስላስገባነው ብቻ በየቀኑ እናጠጣዋለን።

ከሁሉ የከፋው ስህተትም ይኸው ነው። ካላንቾ ውሃ የሚያጠራቅመው ቅጠሉ ላይ ነው። ሥሩ ጭቃ ውስጥ ከከረመ ይበሰብሳል። ጣትዎን አፈሩ ውስጥ ይክተቱ፤ እርጥብ ከሆነ ይተዉት። የጎንደርን ክረምት ውጭ እንዲያሳልፍ መተውም ያው ነው። የመጀመሪያዬን ያጣሁት በሐምሌ ነው፤ ግንዱ ጠቁሮ፣ ስነካው እጄ ላይ ፈረሰ።

ዋልካ አፈር አይሆነውም። ሲረጥብ እንደ ሊጥ ይይዛል። ቀለል ያለ አፈር ከሻካራ አሸዋ ጋር ይቀላቅሉ። የምትተክሉት በዱቄት ወተት ቆርቆሮ ከሆነ ደግሞ ታችውን በምስማር ብሱት።

«አንዴ አብቦ ቀረ» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ማዳበሪያ ያነሰው ይመስላቸዋል። ጥፋቱ ግን የአምፖሉ ነው! ካላንቾ እንቡጥ የሚይዘው ሌሊቱ ሲረዝምለት ነው። እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ሳሎን ውስጥ መብራት ከበራ፣ ለሱ ገና ቀን ነው። (መብራት ሲጠፋ ቤት ውስጥ የሚደሰተው እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።) ለጥምቀት እንግዶችዎ እንዲያብብ ከፈለጉ ከጥቅምት መጀመሪያ ጀምሮ ለ6 ሳምንት ያህል ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ካርቶን ይድፉበት፤ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ያንሱለት። ቀን ቀን ጥሩ ብርሃን ያግኝ። እኔ ካርቶኑን እየረሳሁ ስቸገር ማታ መብራት የማይበራበት ክፍል መስኮት ላይ አስቀመጥኩት። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት እዚህ በራሱ ከ12 ሰዓት ስለሚበልጥ በቃው።

አበባው ሲደርቅ ዘንጉን ይቁረጡት፤ አለዚያ ተክሉ ይንዘላዘላል። ቅርንጫፍ ቆርጠው ለማባዛት ካሰቡም ወዲያው አይትከሉ። ቁስሉ እስኪደርቅ ሁለት ሦስት ቀን ጥላ ላይ ይቆይ።

የቆረጡትን ግን ጓሮ አይጣሉት። ካላንቾ የእንስሳትን ልብ የሚጎዳ መርዝ አለው። ድመት ካለችዎት ከፍ አድርገው ያስቀምጡት። ለበዓል የገዙትን በግም ከአጠገቡ አይሰሩት።