ሪፈር ተጽፎላችሁ አዲስ አበባ ስትሄዱ፦ ባቡሩን እንዴት እንደምትይዙ

እናቴን ከባሕር ዳር አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለክትትል ማመላለስ ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ሽምብጥ ሰፈራችን ውስጥ ሪፈር የተጻፈለት ሰው ሁሉ ቡና ላይ ይመጣና «እዚያ አገር በምንድን ነው የሚኬደው?» ይለኛል። ለእያንዳንዱ የምነግረውን እዚህ ልጻፈው።

እኛ ባጃጅ የለመድን ሰዎች ነን። ከጊዮርጊስ ፔዳ፣ ከአባይ ማዶ ፈለገ ህይወት፣ እጅ መዘርጋት ብቻ ነው። ወራጅ ስንል ደግሞ በራችን ላይ ትቆማለች። የአዲስ አበባው የከተማ ባቡር እንደዚያ አይደለም። ከፌርማታ ውጭ አይቆምም፤ ትኬትም የሚቆረጠው ከመሳፈራችሁ በፊት ነው።

መስመሩ ሁለት ነው። ሁለቱም በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመሩ፤ በኤሌክትሪክ ነው የሚሄዱት። አንዱ ከአያት ተነስቶ በመገናኛ፣ በሀያ ሁለት፣ በስታዲየም አድርጎ ጦር ኃይሎች ይደርሳል። ሌላው ከቃሊቲ በሳሪስ አድርጎ ይመጣና ወደ መርካቶና ፒያሳ አቅጣጫ ይወጣል። አውቶቡስ ተራ የሚገኘው በዚህኛው ላይ ነው። ጎጃም በረንዳ የሚባልም ፌርማታ አለው፤ እናቴ ስሙን በሰማች ቁጥር ፊቷ ይፈካል።

አሁን ዋናውን ነገር ስሙኝ። ሁለቱ መስመሮች መሀል ከተማ ላይ አንድ ሐዲድ ይጋራሉ። አምስት ፌርማታዎች የጋራ ናቸው፦ ስታዲየም፣ ለገሃር፣ ሜክሲኮ፣ ተግባረ ዕድና ልደታ። እዚያ ቆማችሁ ስትጠብቁ የሁለቱም መስመር ባቡር እዚያው እፊታችሁ ይመጣል። ስለዚህ የመጣውን ሁሉ አትሳፈሩ። የአያቱ መስመር ባቡር አረንጓዴ ነው፤ የቃሊቲው ሰማያዊ። ቀለሙን አይታችሁም ቢሆን አጠገባችሁ ያለውን ሰው «ወደ አያት ነው ወደ ቃሊቲ?» በሉት። መጠየቅ አያሳፍርም።

ይህን ያወቅሁት ተሳስቼ ነው። የምናርፈው በአያቱ መስመር ላይ፣ ጉርድ ሾላ እህቴ ቤት ነው። የመጀመሪያው ቀን ከሆስፒታል ወጥተን ለገሃር ስንደርስ እናቴ ደክሟት ነበር። ባቡር መጣ፤ ደግፌያት ገባን። ስታዲየምን ካለፍን በኋላ በአያቱ መስመር ቀጥሎ የሚመጣውን እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያንን ብጠብቅ ብጠብቅ የለም። አንዲት ሴት ስጠይቃት «እናቴ፣ ይሄ የቃሊቲ ነው» አለችኝ። ሪቼ ላይ ወረድን። እንዲህ ካጋጠማችሁ አትደንግጡ። ወርዳችሁ በተቃራኒው አቅጣጫ የሚሄደውን ያዙ፣ ስታዲየም ተመለሱ፣ እዚያ አረንጓዴውን ጠብቁ። ትኬት ግን እንደገና ይቆረጣል።

ትኬት የሚሸጠው ፌርማታው አጠገብ ባሉ ትንንሽ ኪዮስኮች ነው። ሂሳቡ እንደ ርቀቱ ስለሆነ የምትወርዱበትን ስም ተናገሩ፤ ዝርዝር ብር ያዙ። ትኬቷን እስክትወርዱ አትጣሏት፤ ተቆጣጣሪ ይጠይቃል። እናቴ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ትቋጥራታለች። ተቆጣጣሪው ሲመጣ ቋጠሮውን በጥርሷ ፈትታ፣ ጨምዳዳውን ወረቀት በሁለት እጇ ትሰጠዋለች። እስካሁን አንድም ቀን አልጠፋባትም። እኔ ግን ከቦርሳዬ ስፈልግ ሁልጊዜ ላብ ያጠምቀኛል። እናንተም ቋጥሩ።

ደረጃውን ደግሞ አስቡበት። የጋራዎቹ ፌርማታዎች ከፍ ብለው በድልድይ ላይ ናቸው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ናት፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ። ሐይቅ ዳር ሜዳ ለሜዳ የለመደ ሰው እዚያ ቶሎ ይተነፍሳል። ልብ ወይም አስም ያለበት ሰው ከያዛችሁ በየአሥር ደረጃው አሳርፉት። ጨርሶ መውጣት ካቃተው ባቡሩን ተዉት፤ ኮንትራት ታክሲ ያዙ። ብር ለመቆጠብ ብላችሁ በሽተኛ አታድክሙ።

ጥቁር አንበሳ ለመሄድ ለገሃር ውረዱ። አሮጌውን የባቡር ጣቢያ በጀርባችሁ አድርጋችሁ ቀጥ ብሎ የሚወጣውን ሰፊ ጎዳና ሽቅብ ያዙ። ጫፉ ላይ ቀይ ኮከብ ያለበት ረጅም ሐውልት፣ ትግላችን፣ በግራ በኩል ሲታያችሁ ሆስፒታሉ ከጀርባው ነው። መንገዱ ዳገት ነው። እኛ ሁለቴ አርፈን ነው የምንደርሰው፤ ውኃ እንይዛለን።

ጠዋት ከ1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ባቡሩ ጢም ይላል። ካርድ ለማውጣት የምትቸኩሉ ከዚያ ቀድማችሁ ውጡ። ግፊያ ውስጥ የሕክምና ማስረጃችሁንና ስልካችሁን ደረታችሁ ላይ አቅፉ፤ ኪስ አይታመንም። ባቡሩ ከቆየባችሁ ብዙ አትጠብቁ። ወደ አስፋልቱ ወርዳችሁ ነጭና ሰማያዊውን ሚኒባስ ያዙ። ረዳቱ የሚሄድበትን ሰፈር ይጣራል፤ መውረጃችሁ ሲደርስ «ወራጅ አለ!» በሉ፣ ጮክ አድርጋችሁ። አንበሳና ሸገር አውቶቡሶችም አሉ፤ ቁጥራቸውን የሚያውቅ የሰፈሩን ሰው ጠይቁ።

በአውሮፕላን ለምትሄዱ፦ ቦሌ ኤርፖርት ባቡር አይደርስም። በሽተኛ ካለ ከኤርፖርቱ በቀጥታ ታክሲ ያዙ። በአውቶቡስ የምትመለሱ ደግሞ መኪናው ንጋት ላይ ነው የሚነሳው፤ በዚያ ሰዓት ባቡሩ ሥራ አልጀመረም። ባለ ታክሲውን ከማታው ተነጋገሩት፣ ስልኩን ያዙ፣ በሽተኛችሁንም በጊዜ አስተኙ።