ሞዲፋይ በተደረገ መኪና ላይ የነዳጅ ግፊት ጌጅ አገጣጠም

ቱርቦ የተጨመረበት ሞተር ቤንዚን ሲያጥረው ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ፒስተኑ ከተበላ በኋላ ነው። ጌጁ ቀድሞ ያሳያል። የቤንዚን ቱቦ ግን ወደ ሹፌሩ ክፍል በፍጹም አይገባም። በቱቦ የሚሠራው ጌጅ ኮፋኖ ሥር ይቀራል፤ ዳሽቦርድ ላይ ማየት የሚፈልግ በሴንሰር የሚሠራውን ይግዛ።

ለኢንጀክሽን ሞተር ከ0 እስከ 100 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) የሚለካ ጌጅ ይበቃል። አዲስ አበባ ውስጥ የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ስትወርዱ ጌጁን ይዛችሁ ሂዱና ማገናኛውን እዚያው በእጅ ሞክሩት። የአሜሪካው የጥርስ ዓይነት 1/8 ኤንፒቲ (NPT) በኢንች 27 ጥርስ አለው፤ ብዙ የጃፓን ጌጆች የሚጠቀሙበት 1/8 ፒቲ (PT) ግን 28። ለዓይን አንድ ናቸው። ሁለት ሦስት ዙር ይገባና ይጠብቃል፣ የገጠመ ይመስላል፣ ግፊት ሲመጣ ያንጠባጥባል። ቱቦውም የኢንጀክሽን ይሁን፣ ላዩ ላይ አር9 (R9) የሚል አለበት፤ የካርቡሬተር ቱቦ ይህን ግፊት አይችልም።

ሥራው የሚጀመረው ሞተሩ ሲበርድ ነው። የፓምፑን ፊውዝ ንቀሉ፣ ሞተሩን አስነሡና ራሱ እስኪጠፋ ጠብቁ፣ ከዚያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ። አጠገብ ብየዳ ካለ ወይም ደጃፉ ላይ የቡና ከሰል ከተያያዘ፣ ቡናው ይጠጣና ይጀመር። ከፊልትሮው ወደ ኢንጀክተሮቹ የሚወጣውን መስመር የያዘውን፣ ነዳጅ በውስጡ የሚያልፍበትን ክፍት ብሎን (ባንጆ) ፈትታችሁ የጌጅ ቀዳዳ ባለው ተኩት። የመዳብ ሮንዴላዎቹ ሁለቱም አዲስ ይሁኑ። ቴፍሎን አትጠቅልሉ፤ ቁራጩ ኢንጀክተር ይደፍናል። ቤንዚን የሚችል ፈሳሽ ማሸጊያ ቀቡ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥርሶች ግን ተዉአቸው።

ፊውዙንና ባትሪውን መልሱ። ቁልፉን አብሩ፣ ሞተሩን አታስነሡ። በብዙ የድሮ ቶዮታዎች ፓምፑ በዚህ ብቻ አይሠራም፤ ኮፋኖ ሥር ባለው የምርመራ ሳጥን ቢ ፕላስ (B+) እና ኤፍፒ (FP) የሚሉትን ቀዳዳዎች በሽቦ አገናኙ። መጋጠሚያውን በደረቅ ነጭ ወረቀት ጥረጉ። ከረጠበ አታስነሡ።

አዲስ አበባ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ንባቡን ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ግሊሰሪን የተሞላ ጌጅ ባሕር ጠለል ላይ ታሽጎ ከመጣ፣ እዚህ 3.5 ፒኤስአይ ያህል አሳንሶ ያነባል፤ ኮፋኖ ሥር ሲግል ደግሞ ይብስበታል። አናቱ ላይ ያለችውን የጎማ ክዳን አንዴ ከፈት አድርጋችሁ አስተንፍሱት።

ለቶዮታዎቹ ሞተሮች ለ4ኤ-ኤፍኢና ለ7ኤ-ኤፍኢ፣ የሬጉሌተሩ (የነዳጁን ግፊት የሚቆጣጠረው ዕቃ) የቫኩም ቱቦ ተነቅሎ ከ38 እስከ 44 ፒኤስአይ ይጠበቃል። ቱቦው ሲመለስ በሚኒሞ (ጋዝ ሳይረገጥ) ግፊቱ ይወርዳል፤ እዚህ ግን የሞተሩ ቫኩም ደካማ ስለሆነ መጽሐፉ ከሚለው 3 ያህል ከፍ ብሎ ቢቆም ሬጉሌተሩ ተበላሸ ማለት አይደለም። ስንቱ ደህና ሬጉሌተር በዚህ ተጥሏል! እንደ ቪትዝ ነዳጅ ወደ ታንከር የሚመልስ መስመር የሌላቸው መኪኖች ላይ መርፌው በቫኩም አይንቀሳቀስም።

በቱርቦ ጊዜ እያንዳንዱ 1 ፒኤስአይ ቡስት (ቱርቦው የሚጨምረው የአየር ግፊት) የነዳጁንም ግፊት በ1 ማሳደግ አለበት፤ 43 የነበረው በ10 ቡስት 53 ይሆናል። መርፌውን ሹፌሩ ሳይሆን አብሮት ያለው ሰው ይይ። 45 ላይ ተገትሮ ከቀረ የጋዙን ፔዳል ወዲያው ልቀቁ። ፓምፕ ከመግዛታችሁ በፊት ፊልትሮውን ቀይሩ፣ ሞተሩ እየሠራም በፓምፑ ሶኬት ላይ ቮልት ለኩ፤ ከባትሪው በ1 ቮልት የሚያንስ ከሆነ ችግሩ ሽቦው ወይም ማሳው (የኔጌቲቩ መስመር) ነው።