ጥቅል ጎመንን በኒም ዘር ከትል መከላከል

የጎመን ቅጠል የሚበሳሳው ትንሹ አረንጓዴ ትል በተደጋጋሚ የተረጨበትን ኬሚካል ቶሎ ይለማመዳል። ኬሚካሉ ደግሞ ትሉን የሚያጠፉልንን ጥቃቅን ተርቦች አብሮ ይፈጃል። የኒም ዛፍ እንደ ድሬዳዋ ባሉ ሞቃታማ አካባቢዎች ስላለ መድኃኒቱ ከደጃችን ነው።

በመጀመሪያ ዛፉን ለዩ። ብዙ ሰው ኒም ነው ብሎ የሚለቅመው ኒምን የሚመስለውን ሜሊያ የተባለ ዛፍ ነው፤ የሜሊያ ፍሬ ደግሞ ሰውንም ከብትንም ይመርዛል። የሜሊያ ቅጠል ዘንግ ቅርንጫፍ አውጥቶ እንደገና ይከፋፈላል፣ ፍሬውም ክብ ሆኖ ቅጠሉ ከረገፈ በኋላም ዛፉ ላይ ይቆያል። የኒም ቅጠሎች ግን በአንድ ዘንግ ግራና ቀኝ የተደረደሩ፣ ዳራቸው እንደ መጋዝ የተሰነጣጠቀ ነው፤ ፍሬውም ሞላላ ነው።

የበሰለውን ፍሬ ልጣችሁ እጠቡ፤ ዘሩን ነፋሻማ ጥላ ላይ አድርቁ። ሻጋታ የነካውን ጣሉ።

ለ10 ሊትር ውኃ ግማሽ ኪሎ ዘር ወቅጣችሁ ዘፍዝፉና አሳድሩት። በማግስቱ በነጠላ ጨርቅ አጥልሉት፤ ጥሩ ካልተጠለለ የመርጫውን አፍ ይደፍናል። ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ጨምሩ። የጎመን ቅጠል ሰም ስላለው ሳሙና የሌለው ጠብታ ተንከባሎ መሬት ይወርዳል።

ዋናው ነገር አረጫጨቱ ነው። የኒምን ኃይል ፀሐይ ስለሚያጠፋው የሚረጨው አመሻሽ ላይ ነው። ትሉ የሚደበቀው በቅጠሉ ጀርባ ስለሆነ የመርጫውን አፍ ከታች ወደ ላይ አዙሩ። ኒም ትሉን ወዲያው አይገድልም፤ ምግብ ያስጠላዋል፣ ቆዳውን ቀይሮ እንዳያድግም ያግደዋል። ስለዚህ በማግስቱ የሞተ ትል አትፈልጉ፤ ጎመኑ ላይ አዲስ ቀዳዳ መጨመሩን ወይም መቆሙን ተመልከቱ። ትሉ ገና ትንሽ ሳለ ጀምሩ፤ በየሳምንቱ ደግሙ፤ ዝናብ ካጠበውም እንዲሁ። ፈሳሹ ስለማይቆይ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ አዘጋጁ።

አንዳንዶች ትንባሆ ቀቅለው ይረጫሉ። እኔ አልመክርም፤ ኒኮቲኑ ለሚረጨው ሰው አደገኛ ነው፣ ትንባሆ የነካ እጅም ሞዛይክ የተባለውን ቅጠል የሚያዥጎረጉር በሽታ ወደ ቲማቲም ሊያስተላልፍ ይችላል።

ማዳበሪያውን በተመለከተ ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል፣ የአረም ዘርም ይዞ ይመጣል። ከገለባና ከአረንጓዴ ቅጠል ጋር ደርባችሁ፣ እርጥበቱን ጠብቃችሁና እያገላበጣችሁ ተብላልቶ ኮምፖስት እስኪሆን አቆዩት። የበሰለ ኮምፖስት የአፈር ሽታ አለው እንጂ አይከረፋም። ከጨርቁ ላይ የቀረውን የኒም አተላም አትድፉት፤ ችግኝ ስትተክሉ ከኮምፖስቱ ጋር ቀላቅላችሁ ጉድጓዱ ውስጥ ጨምሩት።