ቁጥሩ የማን ነው? ወጣት ካቸርን ስንመዝን ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ በቦዊ ከተማ የሚገኘው የቤዝቦል ማይነር ሊግ (ወጣቶች ወደ ትልቁ ሊግ ለመድረስ የሚያድጉበት ዝቅተኛ ሊግ) ሜዳ ከቤቴ ሩቅ ስላልሆነ፣ ለብዙ ዓመታት የሰኔንና የሐምሌን ምሽቶች እዚያ ደብተርና ስቶፕዎች ይዤ አሳልፌአለሁ። ይህን የሚያውቁ ወዳጆቼ የአንድ የሃያ ወይም የሃያ አንድ ዓመት ካቸር (ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ ፒቸሩ፣ ማለትም ወርዋሪው፣ የሚልካትን ኳስ የሚቀበል ተጫዋች) የቁጥር ሰንጠረዥ ይልኩልኝና «ይህ ልጅ ትልቁ ሊግ ይደርሳል ወይስ አይደርስም?» ብለው ይጠይቁኛል። ጥያቄው መልካም ነው፤ ይሁንና የሚላኩልኝ ሰንጠረዦች ዘወትር አንድ ዓይነት ሆነው፣ የተሰመረባቸው ቁጥሮችም አንድ ዓይነት ሆነው ስላገኘኋቸው፣ ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከመመለስ ይልቅ አንድ ጊዜ በጽሑፍ ላስቀምጠው ወሰንኩ። የጨዋታውን ሕግ አንባቢ ያውቀዋል ብዬ አልፌዋለሁ፤ ዓመቶቹም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ትዕግሥቴን ከሁሉ በላይ የሚፈታተነው ስህተት፣ ቤዝ ሊሰርቁ (ፒቸሩ ሲወረውር ሮጠው ቀጣዩ ቤዝ ሊደርሱ) ከሞከሩት ሯጮች መካከል ኦውት የሆኑትን፣ ማለትም ተይዘው የቀሩትን፣ የሚያሳየውን መቶኛ የካቸሩ የግል ንብረት አድርጎ ማንበብ ነው። «ከመቶ ዐሥራ ሁለቱን ብቻ ነው ያስቀረው፤ ክንዱ ደካማ ነው» ተብሎ የተጻፈልኝን ብቆጥር ደብተሬ አይበቃኝም። ከሆም ፕሌት እስከ ሁለተኛው ቤዝ ያለው ርቀት 39 ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። ኳሷ የካቸሩን ጓንት ከነካችበት ቅጽበት ጀምሮ ሁለተኛው ቤዝ ላይ በሚጠብቀው ተጫዋች ጓንት ውስጥ እስክትገባ ያለው ጊዜ ፖፕ ታይም ይባላል፤ በትልቁ ሊግ አማካዩ 2 ሰከንድ ገደማ ሲሆን፣ እንደ ጄ ቲ ሪያልሙቶ ያሉት ጥቂቶች 1.9 አካባቢ ያደርሱታል። ነገር ግን ሯጩ መሮጥ የሚጀምረው ኳሷ ካቸሩ ዘንድ ስትደርስ አይደለም፤ ፒቸሩ እግሩን ሲያነሣ ነው። ፈጣን የሚባል ፒቸር ኳሷን በ1.3 ሰከንድ ካቸሩ ዘንድ ያደርሳታል። ሁለቱ ሲደመሩ 3.3 ሰከንድ ይሆናሉ፤ ጥሩ ሯጭም ርቀቱን የሚጨርሰው በዚያው ጊዜ ገደማ ነው። እንግዲህ ፒቸሩ 1.6 ሰከንድ ከፈጀ፣ ካቸሩ ክንዱን ከማንሣቱ በፊት ሌብነቱ አልቋል ማለት ነው። ጆን ሌስተር ግሩም ፒቸር ሆኖ ሳለ ወደ መጀመሪያው ቤዝ መወርወር ስለሚቸግረው በ2015 ሯጮች 44 ጊዜ ሰርቀውበታል፤ ያ ሁሉ በካቸሮቹ ሰንጠረዥ ላይ እንደ ዕዳ ተመዝግቧል።

አንድ ቅዳሜ ከሲልቨር ስፕሪንግ የመጡ ያገሬ ሰው የዐሥራ አምስት ዓመት ልጃቸውን ቁጥር በስልካቸው አሳዩኝ። «ወንድሜ፣ እውነቱን ንገረኝ፤ ከሃያ ሁለት ሰራቂ ሁለቱን ብቻ ነው የያዘው። ቦታ ላስቀይረው?» አሉኝ። «ጋሼ፣ መጀመሪያ ልየው» አልኳቸውና በማግስቱ ሜዳው ድረስ ሄድኩ። የልጁ ፖፕ ታይም በተደጋጋሚ ከ2.2 ሰከንድ በታች ነበር፤ ይህም በዕድሜው የሚያኮራ ነው። የቡድኑ ፒቸሮች ግን እግራቸውን አንሥተው እስኪወረውሩ ሁለት ሰከንድ ሊሞላ ምንም አይቀረውም ነበር። ቁጥሩ የፒቸሮቹ ሆኖ ሳለ ስሙ የልጁ ነበር። አባትየው ስቶፕዎቹን ተቀብለው ራሳቸው ሲለኩ ከቆዩ በኋላ፣ «ታዲያ ይህን ለምን አይጽፉትም?» ብለው ተቆጡ። እኔም ለዓመታት የምጠይቀው እሱን ነው።

በዚህ ላይ ዘመንን ከዘመን ማምታታት ይጨመራል። በ2023 ቤዞቹ ከ38 ወደ 46 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሰፉ፤ ፒቸሩም በአንድ መቺ ፊት ሯጩን ለመያዝ ወይም ከቦታው ለመውረድ የሚፈቀድለት ያለ ቅጣት ሁለት ጊዜ ብቻ ሆነ። በዚያ ዓመት ሊሰርቁ ከሞከሩት ከመቶ ሰማንያው ያህል ተሳካላቸው። የዛሬን ወጣት፣ በሙያ ዘመኑ ሁሉ ከመቶ 46ቱን ካስቀረው ከኢቫን ሮድሪገስ ጋር ማወዳደር ስለዚህ ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ዛሬ ከመቶ ሃያ አምስት የሚያስቀር ልጅ ካገኛችሁ ልብ ብላችሁ ተመልከቱት።

ሁለተኛው ስህተት በጥቂት ሳምንታት ዱላ፣ ማለትም በመምታት ውጤት፣ መፍረድ ነው፤ በዚህ እኔም በሁለቱም አቅጣጫ ተሳስቻለሁና ድምፄን ከፍ ማድረግ አልችልም። በሴፕቴምበር 2011 ሄሱስ ሞንቴሮ በኒው ዮርክ ያንኪስ 18 ጨዋታ ተጫውቶ 0.328 የመምታት አማካይና 4 ሆም ራን ሲያስመዘግብ፣ ዕድሜውም 21 ስለነበር፣ ለሚሰማኝ ሁሉ የዘመኑ ታላቅ መቺ ካቸር ተወለደ ብዬ ነበር። በጥር 2012 ማይክል ፒኔዳ በተካተተበት ልውውጥ ወደ ሲያትል ሄደ፤ በዚያ ዓመት 0.260 መታ፣ ከዚያ በኋላ ግን ካቸርነቱም ዱላውም አልዘለቁም። ከዐሥር ዓመት በኋላ በዚያው ከተማ ካል ራሊ የሚባል ወጣት ብቅ አለ። በ2021 በ47 ጨዋታ 0.180 መትቶ ሁለት ሆም ራን ብቻ ሲያገኝ፣ ደብተሬ ላይ «ተጠባባቂ» ብዬ ጽፌ ገጹን ገለበጥኩ። በ2022 27 ሆም ራን መታ፤ በ2024 የአሜሪካን ሊግ ፕላቲነም ግላቭ (ለሊጉ ምርጥ ተከላካይ የሚሰጥ ሽልማት) ተሸለመ፤ በ2025 ደግሞ በ28 ዓመቱ 60 ሆም ራን በመምታት ሳልቫዶር ፔሬዝ በ2021 ያስመዘገበውን የካቸሮች ክብረ ወሰን 48 እጅግ አልፎ ሄደ። በዚያ ታላቅ ዓመት እንኳ የመምታት አማካዩ 0.247 ነበር፤ አማካዩን ብቻ የሚያይ ሰው ዛሬም ራሊን መካከለኛ ተጫዋች ይለው ነበር። ያን «ተጠባባቂ» የሚለውን ቃል አልሰረዝኩትም፤ አልፎ አልፎ ገልጬ አየዋለሁ።

የመጀመሪያ ወራት ቁጥር ማየት ካለባችሁ፣ ከመምታት አማካዩ ይልቅ ለመምታት ከሚቀርብባቸው መቶ ጊዜያት ስንቱን በስትራይክ አውት (በሦስት ስትራይክ በመውጣት) እንደሚጨርስና በስንቱ ዎክ (በአራት ቦል በነጻ ወደ መጀመሪያው ቤዝ ማለፍ) እንደሚያገኝ እዩ፤ እነዚህ ቶሎ ይረጋሉ፣ አማካዩ ግን የተመታችው ኳስ ሰው በሌለበት ቦታ በመውደቋና ባለመውደቋ ዕድል ረጅም ጊዜ ይንገላታል። ወጣት ካቸር ደግሞ ከሌሎቹ ይልቅ ዱላው የሚዘገይበት ምክንያት አለው። የውጪ ሜዳ ተጫዋች ከጨዋታ በፊት ሲለማመድ መምታትን ይለማመዳል፤ ካቸሩ ግን በዚያው ሰዓት የዐሥራ ሁለትና የዐሥራ ሦስት ፒቸሮችን ኳስ ጠባይ፣ የተጋጣሚን መቺዎች ድካም፣ ኳስን በደረት ማቆምንና ምልክት መስጠትን ያጠናል። ከዚያም በሙቀት መካከል ጋሻ ለብሶ ቁጢጥ ብድግ ሲል ያመሻል። ነሐሴ ላይ አማካዩ ሲወርድ «ተጋለጠ» ከማለታችን በፊት ጉልበቱን ማሰብ ነበረብን። በተለይ ከዩኒቨርሲቲ በሐምሌ ተመርጦ በዚያው ክረምት የሚሰለፍን ልጅ ቁጥር ጨርሶ አልቆጥረውም፤ ከየካቲት ጀምሮ ሲጫወት የቆየ ነው።

ሰንጠረዡ የተሞላበትን ቦታና ዕድሜ መዘንጋትም የተለመደ ነው። ከትልቁ ሊግ አንድ ደረጃ ብቻ በሚያንሰው በፓሲፊክ ኮስት ሊግ ከሚጫወቱት ከተሞች አንዷ አልበከርኪ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ በቀጭኑ አየር ኳስ ርቃ ትበራለች። (አዲስ አበባ ከዚያ በብዙ መቶ ሜትሮች ትበልጣለችና፣ የሆም ራን ክብረ ወሰን ሊሰብር የፈለገ ሁሉ ወደኛ ቢመጣ ይሻለው ነበር።) በዚያ ሊግ 20 ሆም ራን የመታ የ26 ዓመት ካቸርና ከትልቁ ሊግ ሁለት ደረጃ በሚያንሰው በደብል ኤ 10 የመታ የ20 ዓመት ካቸር ቢቀርቡልኝ፣ ያለ ማመንታት ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

የማይነር ሊግ ቁጥር እውነተኛ ሆኖ ሳለ እንኳ እኛ ከመጠን በላይ የምናነብበት ጊዜ አለ። ማት ዊተርስ በ2007 በአምስተኛ ደረጃ በባልቲሞር ኦሪዮልስ ተመርጦ፣ በ2008 በፍሬድሪክና እዚሁ ቦዊ 0.355 አማካይና 27 ሆም ራን አስመዘገበ። ያን ክረምት በየጨዋታው የምሄደው እሱን ለማየት ነበርና፣ በአካባቢው ያለው ስሜት ልክ የንጉሥ መምጣት ያህል እንደነበር አስታውሳለሁ። በሜይ 2009 ትልቁ ሊግ ደረሰ፤ አራት ጊዜ ለኦል ስታር (የኮከቦች ጨዋታ) ተመረጠ፣ ሁለት ጊዜ የምርጥ ተከላካዮች ሽልማት የሆነውን ጎልድ ግላቭ ተሸለመ፣ በ2014 የክርን ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ በኋላም ለዋሽንግተን ናሽናልስ ተጫወተ። ይህ ብዙ ካቸሮች በምኞት የሚያዩት ሕይወት ነው፤ ሆኖም በባልቲሞር ስሙን ብታነሡ «ያልተሳካለት» የሚላችሁ አታጡም። በደብል ኤ የተመዘገበን ቁጥር ተሸክሞ ትልቁ ሊግ እንዲገባ የጠየቅነው እኛው ነን።

ልጁ ካቸር ሆኖ ይቆያል ወይ የሚለው ጥያቄ በሰንጠረዥ ላይ ስለማይጻፍ ይዘለላል። 0.250 አማካይና 15 ሆም ራን ለካቸር መልካም ነው፤ ያው ልጅ ወደ መጀመሪያው ቤዝ ከተዛወረ ግን ቦታውን ለማቆየት ይቸገራል። ብራይስ ሃርፐር በወጣትነቱ ካቸር ነበር፤ ናሽናልስ በ2010 ሲመርጡት ዱላው ቶሎ እንዲደርስና አካሉ እንዲቆይለት ወዲያው ወደ ውጪ ሜዳ ወሰዱት። ጆሽ ዶናልድሰን ካቸር ሆኖ ተመርጦ በሦስተኛ ቤዝ በ2015 ኤም ቪ ፒ፣ ማለትም የሊጉ ኮከብ ተጫዋች፣ ሆነ። ኬንሊ ጃንሰን ደግሞ ካቸርነቱን ትቶ ፒቸር ሆነ። ጆ ማወር ሦስት ጊዜ የሊጉን የመምታት አማካይ የመራ ካቸር ሆኖ ሳለ፣ በ2013 ጭንቅላቱ ላይ በደረሰበት ጉዳት ምክንያት ከዚያ በኋላ ወደ መጀመሪያው ቤዝ ለመሄድ ተገዷል። ስለዚህ ስለ ካቸር የወደፊት ዕድል ስንጽፍ «በዚህ ቦታ ከቆየ» የሚለውን ሐረግ እንደ ጌጥ ሳይሆን እንደ ዋና ሁኔታ ማስቀመጥ ይገባናል።

የፒቸሮቹን ኢ አር ኤ (በፒቸሩ ላይ የሚቆጠሩ ነጥቦች አማካይ) በካቸሩ ስም ከፍሎ ማወዳደርን በተመለከተ አንድ ቃል ብቻ አለኝ፤ ተዉት። ፓስድ ቦልን በተመለከተም፣ ያመለጠች ኳስ ፓስድ ቦል (የካቸሩ ጥፋት) ወይም ዋይልድ ፒች (የፒቸሩ ጥፋት) የምትባለው በአንድ መዝጋቢ ውሳኔ ስለሆነ፣ ሁለቱን ደምራችሁ ተመልከቱ።

ፍሬሚንግ፣ ማለትም ኳሷን ስትራይክ በምትመስል መልኩ በእርጋታ የመቀበል ጥበብ፣ ሌላ ታሪክ አለው። የኳስን መንገድ የሚከታተሉ ካሜራዎች በየሜዳው ከተተከሉ በኋላ፣ እንደ ሆሴ ሞሊና ያለ ዱላው ደካማ የሆነ ካቸር በጓንቱ ብቻ ቡድኑን ከብዙ ነጥብ እንደሚያድን ታወቀ፤ ከዚያ በፊት ይህን ማየት የሚችለው ዐይን ያለው አሠልጣኝ ብቻ ነበር። ጀማሪው መጀመሪያ ይህን አያነብም፤ ካነበበ በኋላ ደግሞ ከዚህ ሌላ ምንም አያነብም። አሁን ግን ጉዳዩ ተለውጧል። በሴፕቴምበር 2025 በጸደቀው ደንብ መሠረት ከ2026 ጀምሮ በትልቁ ሊግ መቺው፣ ፒቸሩና ካቸሩ የዳኛውን የቦልና የስትራይክ ውሳኔ በመሣሪያ እንዲመረመር መጠየቅ ይችላሉ፤ እያንዳንዱ ቡድን በሁለት ዕድል ይጀምራል፣ ትክክል ሆኖ ከተገኘ ዕድሉ አይቀነስበትም። ፍሬሚንግ አልሞተም፤ አብዛኛው ውሳኔ አሁንም የዳኛው ነው። ይሁን እንጂ በወሳኝ ሰዓት የተገኘች የተሰረቀች ስትራይክ ልትቀለበስ ስለምትችል፣ የልጁን ዋጋ በሙሉ በፍሬሚንግ ቁጥር ላይ የገነባ ሰው እንደገና ማስላት አለበት። በምትኩ መጠየቅ የጀመርኩት፣ ልጁ የትኛዋ ኳስ ሊያከራክር እንደሚገባ ያውቃል ወይ የሚለውን ነው፤ ይህንንም ከትልቁ ሊግ አንድ ደረጃ በሚያንሰው በትሪፕል ኤ ማየት ይቻላል።

ለማንኛውም ደካማ ሰንጠረዥ ማይክ ፒያዛን የሚጠቅሱ ወዳጆች አሉኝ። እውነት ነው፤ በ1988 በ62ኛው ዙር ተመርጦ ሆል ኦፍ ፌም (የታላላቆች የክብር አዳራሽ) ገባ። ከእሱ ጋር በእነዚያ የመጨረሻ ዙሮች ተመርጠው ስማቸውን የማናውቃቸውን ግን ማንም አይጠቅስም።

የመጨረሻው ስህተት የራሴ ነው፤ ለብዙ ዓመታትም ስህተት መሆኑን አላወቅሁም። ቦዊ ውስጥ ካቸሩ ለመምታት ሲወጣ ቀና ብዬ እቀመጥና እያንዳንዷን ኳስ እመዘግባለሁ፤ ቡድኑ ሜዳ ሲገባና ተጋጣሚው መምታት ሲጀምር ደግሞ እፎይ ብዬ ኦቾሎኒ ልገዛ እነሣለሁ። አንድ ምሽት ከአጠገቤ የተቀመጡ ጡረተኛ አሠልጣኝ ለሦስተኛ ጊዜ ስነሣ እጄን ያዝ አድርገው፣ «ልታየው የመጣኸው ልጅ ሥራ የሚጀምረው አሁን አይደለም እንዴ?» አሉኝ። ተመልሼ ተቀመጥኩ። በዚያች አንድ ኢኒንግ ልጁ ሦስት ኳስ በደረቱ አቆመ፣ አንድ ጊዜ ተነሥቶ የተደናገጠ ፒቸር አረጋጋ፣ ሁለት ጊዜም ከመጀመሪያው ቤዝ ሊነሣ ያኮበኮበን ሯጭ በዐይኑ ብቻ መለሰው። በማግስቱ የወጣውን ሰንጠረዥ ሳየው ከእነዚህ አንዱም አልነበረበትም።