«አይሆንም ቢሉኝስ?» እያላችሁ ረቂቅ ላስቀመጣችሁ

አልጋ ሥር፣ ቁም ሣጥን ላይ፣ ወይም ስልካችሁ ውስጥ «የመጨረሻው 3» በሚል ስም የተኛ የመጽሐፍ ረቂቅ ካላችሁ ይሄ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። እኔ የመጀመሪያዬን በፌስታል ጠቅልዬ 4 ዓመት አስቀምጬዋለሁ። ሰው ሲጠይቀኝ «ገና አላለቀም» እላለሁ። አልቋል። ፈርቼ ነው።

አሥር ቦታ ተጥለው በአሥራ አንደኛው ሀብታም ስለሆኑ የፈረንጅ ደራሲዎች አላወራላችሁም። ያ ወሬ ለአንድ ቀን ያሞቃል፤ በማግስቱ ረቂቁን ብብቱ ሥር ሸጉጦ አከፋፋይ ደጃፍ ላይ ለቆመ ሰው ግን እምብዛም አይጠቅመውም። የእኛ አገር እምቢታ መልኩም ለየት ይላል። ሌላ አገር ደብዳቤ ይጻፍላችኋል፤ ያመሰግኑና «ሆኖም ግን» ይሏችኋል። እኛ ጋ «ሆኖም ግን» የለም። «እናየዋለን» ነው ያለው። «እስኪ ከበዓሉ በኋላ ደውል»፣ «ጎበዝ፣ በርታ» ነው ያለው። ሰውን ፊት ለፊት አይሆንም ማለት ይከብደናል፤ ይሉኝታ አለ። ታዲያ ጸሐፊውን የሚያስፈራው ይሄ ዝምታ ይመስለኛል። ማንም መልስ ስላልሰጣችሁ መልሱን ራሳችሁ ትሞሉታላችሁ፤ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የሚሞላ መልስ ደግሞ መቼም ደግ አይሆንም።

የራሴን ልንገራችሁ። 214 ገጽ አስጽፌ፣ በስፓይራል አስጠርዤ ለአንድ መጽሐፍ አከፋፋይ ሰጠሁ። «ሁለት ሳምንት» አለኝ። ሁለት ሳምንቱ ሁለት ወር ሆነ። አራት ጊዜ ተመላለስኩ። በሦስተኛው ሰውየው ውስጥ መሆኑን በመስታወቱ አይቼ፣ ጎን ያለው ካፌ ገብቼ ማኪያቶ ጠጥቼ፣ ምንም ሳልጠይቅ ወደ ቤቴ ሄድኩ። በአራተኛው ረቂቄ ተፈልጎ ተገኘ፤ ለካ የስኒ ማስቀመጫ ሆኖ ኖሯል። ሽፋኑ ላይ ክብ የቡና ምልክት አለ። ቡናው እስከ ሦስተኛው ገጽ ዘልቋል። አንባቢው ግን እስከዚያ የደረሰ አልመሰለኝም።

ያን ቀን ታክሲ ውስጥ ሆዴ ባባ። ሳምንት አለፈና ነው ነገሩ የገባኝ። ሰውየው መቼ ጣለኝ? አላነበበኝም እኮ! እኔ ግን ለመጣልም ላለመነበብም እኩል አልቅሻለሁ።

ስለዚህ መጀመሪያ የምመክራችሁ እምቢታው ቶሎ እንዲመጣ አድርጉ ነው። ረቂቁን ስትሰጡ ቀን ቁረጡ። «እስከ ጥቅምት 30 ካልደወላችሁልኝ ሌላ ጋ እወስደዋለሁ» ብላችሁ የመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ ከስልክ ቁጥራችሁ ሥር ጻፉት። ድፍረት ይመስላል፤ ግን አከፋፋዩንም ከይሉኝታ ያድነዋል፣ ምክንያቱም ካልፈለገ ዝም ማለት ብቻ ይበቃዋል። እናንተም ዝምታው ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ቀኑ ሲያልፍ መመላለስ የለም፣ ማኪያቶም የለም። (አደራ፣ ያላችሁን አንድ ቅጂ ብቻ ለማንም አትስጡ።)

ሁለተኛው ስለ አጠያየቅ ነው። ለጓደኛችሁ አስነብባችሁ «እንዴት ነው?» ካላችሁት «አሪፍ ነው» ይላችኋል። ሌላ ምን ይበል? «የት ጋ ሰለቸህ?» በሉት። እኔ እንደውም ከዚህም የቀለለ ዘዴ አለኝ፤ ማንበብ ያቆሙበትን ገጽ ጥጉን እንዲያጥፉልኝ ነው የምጠይቃቸው። ማጠፍ ከመናገር ይቀላል። ለሦስት ሰው ሰጠሁ። የአክስቴ ልጅ ገጽ 31 ላይ አጥፋለች። የሥራ ባልደረባዬ 33 ላይ። ሦስተኛው፣ ከሁለቱም ጋር የማይተዋወቅ ሰው፣ እዚያው 31። ገልጬ አየሁት፤ ለካ እዚያ ጋ የዋናውን ገጸ ባሕርይ የዘር ሐረግ ለስድስት ገጽ እቆጥራለሁ! አያት፣ ቅድመ አያት፣ ርስት፣ የመሬት ክርክር… ቆርጬ ጣልኩት። ስቆርጠው ያመኛል ብዬ ነበር፤ ቀለለኝ። «ሥራህ አይረባም» ቢሉኝ ምን አደርግ ነበር? «31 ላይ ደከመኝ» ሲባል ግን እጅ የሚያሠራ ነገር ይገኛል።

እናታችሁን ግን ከዚህ አውጧት። እሷ ምንም ገጽ አታጥፍም።

ልብ ወለዱን ይዛችሁ ከመውጣታችሁ በፊትም በትንሽ በትንሹ ተለማመዱ። አንድ አጭር ልብ ወለድ ለጋዜጣ ላኩ። ግጥም ከሆነ ሰው በሚሰበሰብበት የግጥም ምሽት አንድ ብቻ አንብቡና አዳራሹ የት ላይ ዝም እንዳለ፣ ሰው የት ላይ ስልኩን እንዳወጣ ታዘቡ። ወይም አሥር ሰው ያለበት ቴሌግራም ግሩፕ ክፈቱና በሳምንት አንድ ምዕራፍ ልቀቁ። ሦስቱ ጥለው ይወጣሉ። ያማል። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ሕመሙ ይቀንሳል። እኔ በአምስተኛው ማን እንደወጣ ማየት ትቻለሁ።

አሁን ብዙዎቻችን የምንወድቅበት ጉድጓድ ጋ ደርሰናል፤ እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ። አይሆንም መባልን ስንፈራ ማንንም ሳንጠይቅ በራሳችን ገንዘብ እናሳትማለን። በራስ ማሳተም ምንም ነውር የለውም፣ እኛ አገር ስንቱ ደራሲ የወጣው እንዲያ ነው። ጥያቄው ለምን የሚለው ነው። አንድም ሰው ሳያነበው፣ እቁብ ቀድሞ አውጥቶ፣ ከዘመድ ተበድሮ ማተሚያ ቤት የሚሮጥ ሰው ከእምቢታው አላመለጠም። አዛውሮታል እንጂ። እምቢታው ከወራት በኋላ በካርቶን ሆኖ ቤቱ ይገባል። ሳሎን ጥግ ይደረደራል፣ ጨርቅ ይለብሳል፣ እንግዳ ይቀመጥበታል። የፈሩት ይደርሳል ማለት ይሄ ነው። የሦስት ሰው የታጠፈ ገጽ ግን ምንም አያስወጣም፤ ቢበዛ ሦስት ቡና ነው።

መልስ ሲመጣ ደግሞ ለዩት። «ወረቀት ተወዷል» ካሏችሁ ስለ ወረቀት ነው የተወራው፤ ወረቀቱ ከውጭ ነው የሚገባው፣ ዋጋው የዶላሩን ተከትሎ ይወጣል፣ እናንተ ምን ታደርጋላችሁ? የፈተና መለማመጃና የንግድ ምክር የሚሸጥ ሰው ጋ ልብ ወለድ ወስዳችሁ ከሆነም ጥፋቱ የአድራሻ ነው። ሦስተኛው ዓይነት፣ ስለ ጽሑፉ ራሱ የተባለው፣ እሱ ብቻ ነው ማታ ቁጭ ብላችሁ ልታስቡበት የሚገባ።

በነገራችን ላይ የቀደሙት ሌላ ዓይነት ፍርሃት ነበረባቸው። ቅድመ ምርመራ በ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ እስኪቀር ድረስ ረቂቅ መጀመሪያ የሚያልፈው በሳንሱር እጅ ነበር። ማለፉም ዋስትና አልነበረም፤ የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 በመንግሥት አሳታሚ ድርጅት በኩራዝ ታትሞ ከወጣ በኋላ ነው የተሰበሰበው፣ ደራሲውም በ1976 እንደወጣ ቀረ። እኔ «አከፋፋዩ ስልክ አላነሳልኝም» ብዬ ሳኮርፍ ይሄ ትዝ ይለኝና ትንሽ አፍራለሁ። ማፈር ፍርሃት አያስለቅቅም፣ እሱንም አውቃለሁ።

እምቢታው የመጣ ዕለት ግን ምንም አትሥሩ። ረቂቁን አትንኩ። ፌስቡክ ላይ «የዚህ አገር ሥነ ጽሑፍ ሞቷል» ብላችሁ አትለጥፉ፤ እኔ ለጥፌ ነበር፣ ያው አከፋፋዩ ሰውዬ ላይክ አደረገው። ደውላችሁም አትከራከሩ፤ ተከራክሮ ያሳተመ ሰው አላውቅም። እንቅልፍ ተኙ። በሁለተኛው ቀን ደብተር አውጡና ሦስት ነገር ጻፉ፦ ለማን እንደሰጣችሁ፣ ምን እንዳላችሁ፣ ቀጥሎ ለማን እንደምትሰጡ። ሦስተኛው ባዶ ከሆነ ፍርሃቱ ተመልሶ ይገባል። ለዚህ ነው ሁልጊዜ ቢያንስ ሁለት ነገር ሁለት ቦታ ይኑራችሁ የምለው፤ አንዱ ሲመለስ ዓይናችሁ ሌላው ላይ ነው።

የእኔ ሁለተኛ ረቂቅ አሁን ሁለት ሰው ጋ ነው። አንደኛው ቅዳሜ ደውሎ «ጥሩ ነው፣ ግን ረዘመ» አለኝ። የት ጋ እንደረዘመ ጠየቅኩት፤ ትንሽ ዝም አለና ምዕራፍ 7ን ጠቀሰልኝ። አንብቦታል ማለት ነው! የሌላኛው ቀን ሐሙስ ያልፋል። የሦስተኛውን ስልክ ደብተሬ ላይ ጽፌያለሁ።