ከአክሲዮን የትርፍ ድርሻ ቋሚ ገቢ እንዴት ይገኛል? ለድሬዎች

ድሬ ላይ ጥሪት የያዘ ሰው ቶሎ የሚያስበው ሳቢያን ቤት ሠርቶ ማከራየት ወይም ቀፊራ ሱቅ መያዝ ነው። ሁለቱም ብዙ ብር ይፈልጋሉ። አክሲዮን ግን ከትንሽ ይጀመራል። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. ድርሻውን ለሕዝብ ሲሸጥ የአንዱ ዋጋ 300 ብር፣ ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን ነበር፤ 9,900 ብር ማለት ነው።

የትርፍ ድርሻ፣ ማለትም ድርጅቱ ከትርፉ ለባለአክሲዮኖች የሚያካፍለው ብር፣ እንደ ቤት ኪራይ በየወሩ አይመጣም። ለምሳሌ የባንኮቻችን የሒሳብ ዓመት ሰኔ ላይ ይዘጋል። ከዚያ ኦዲት አለ። አብዛኛውን ጊዜ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የባለአክሲዮኖች ጠቅላላ ጉባኤ ይጠራል፣ ክፍፍሉም እዚያ ይጸድቃል። ብሩ የሚገባው በዓመት አንዴ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የምትፈልጉትን ገቢ አስሉ። በወር 5,000 ብር ከሆነ በዓመት 60,000 ነው። አክሲዮኑ ከግብር በኋላ 15 በመቶ ያስገኛል ብንል 400,000 ብር ያስፈልጋችኋል። 15 በመቶው ለምሳሌ ነው፤ ማንም ዋስትና አይሰጣችሁም።

ቀጥሎ ድርጅቱን መርምሩ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። «ይህን ያህል ቢሊዮን አተረፈ» የሚለው ዜና የእናንተን ድርሻ አይነግራችሁም። ባንክ ለክፉ ቀን የሚይዘው መጠባበቂያ ካፒታሉን (ባለአክሲዮኖች ያዋጡትን ገንዘብ) እስኪያክል ድረስ ከተጣራ ትርፉ 25 በመቶውን ያስቀምጣል። ብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛውን ካፒታል 5 ቢሊዮን ብር ካደረገ ወዲህ ደግሞ ብዙ ባንኮች ባለአክሲዮኖችን ትርፋችሁን መልሳችሁ አክሲዮን ግዙበት ይላሉ። አክሲዮናችሁ ይበዛል፣ ኪሳችሁ ግን ያው ነው። ለወር ወጪ የምትፈልጉት ከሆነ የአራት አምስት ዓመት ሪፖርት አገላብጡና በጥሬ ገንዘብ ስንት እንደከፈለ እዩ።

የገዛችሁበትን ዋጋም አትርሱ። የተጻፈበት ዋጋ 1,000 ብር የሆነ አክሲዮን 20 በመቶ ቢከፍል 200 ብር ነው። በ1,300 ከገዛችሁት ግን የእናንተ ትርፍ 15 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ ግብሩም ገና ከዚያ ላይ ይቀነሳል።

ወለድ የማይፈልግ ሰው እንደ ዘምዘምና ሂጅራ ያሉትን ከወለድ ነፃ ባንኮች ማየት ይችላል። የእነሱም ሪፖርት በዚሁ መንገድ ይመረመራል።

አክሲዮን የሚገዛበትና የሚሸጥበት የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ጥር 2017 ዓ.ም. ተከፍቷል፤ መጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነው። እዚያ የሚገዛው ፈቃድ ባለው አገናኝ (ደላላ) በኩል ነው። በምሥረታ ላይ ያለ ድርጅት አክሲዮን ግዙ የሚላችሁ ሰው ከመጣ፣ ዘመድም ቢሆን፣ ሽያጩ በካፒታል ገበያ ባለሥልጣን መፈቀዱን ሳታረጋግጡ ሰባራ ሳንቲም አትስጡ።

የትርፍ ድርሻችሁ ሲገባ ለብቻው በተከፈተ ሒሳብ አስቀምጡትና ለ12 ከፍላችሁ በየወሩ አውጡ። ለጉባኤው አዲስ አበባ መሄድ ካልቻላችሁ ለምታምኑት ሰው ውክልና ስጡ። የአክሲዮን ምስክር ወረቀቱ የት እንዳለ ደግሞ ቤተሰባችሁ ይወቅ።