የቮልሷ መስታወት ላይ የወጣው ነጭ ጭጋግ እንዴት ለቀቀ

ታሚያ የሚባለው የጃፓን ድርጅት የሚያወጣትን፣ ከእውነተኛዋ 24 ጊዜ የምታንስ (1/24) ተገጣጣሚ የፕላስቲክ ሞዴል ቮልስ፣ የ1966ቷን (እ.ኤ.አ.)፣ ልጨርስ ስል የፊት መስታወቷ ነጭ ጭጋግ ለበሰ። ምክንያቱ ሱፐር ግሉ ነው። ሲደርቅ የሚወጣው ትነት በአየሩ እርጥበት ይጠጥርና በአካባቢው ባለው ነገር ላይ ነጭ ሆኖ ይቀራል። በጨርቅ ብቻ አይለቅም።

መስታወቱን ቀስ ብዬ ነቀልኩት። ቁጥር 2000 የብርጭቆ ወረቀት ውሃ ውስጥ ነክሬ፣ ጭጋጉ ያለበትን ብቻ ሳልጫን አሸሁት። መጀመሪያ ይብስበታል፤ አይዟችሁ። ከዚያ ነጭ የጥርስ ሳሙና በጥጥ ጨርቅ፣ ክብ ክብ እያደረግኩ። ጥርት አለ! መሪው ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ይታያል። አሴቶን ግን እንዳታስጠጉ፤ ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል።

መልሼ ያጣበቅኩት በአናጢ ኮላ ነው፣ በስንጥር ጫፍ ጠርዙን ብቻ እየነካሁ። ሲደርቅ ነጭነቱ ይጠፋል። የተረፈውም ሳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል።